«ምን ጠፍቷችሁ ነው?»

የኢትዮጵያ ታሪክ ትልቁ ክፍል በተራራ ላይ የተሠራ ታሪክ ነው። በዚያ ሁሉ ተራራ ላይ ግን ለዓይኑ ደስታ ብቻ ብሎ የወጣ ሰው ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። አምባ ግሸን የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ ዕድሜያቸውን ተዘግተው የሚኖሩባት ግዞት ነበረች። መቅደላ የዐፄ ቴዎድሮስ ምሽግ፣ ግምጃ ቤትና ወህኒ ቤት ሆና ቆይታ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የንጉሡ መሞቻ ሆነች። አምባላጌ በ1888 ዓ.ም. የጦር ሜዳ ሆነች፤ በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ደገመች። መነኩሴው ወደ ተራራ የወጣው ዓለምን ሽሽት ነው፤ ሽፍታው ሹምን ሽሽት፤ ገበሬው መሬት ጠቦት፤ እረኛው ሣር ፍለጋ። ሁሉም ምክንያት ነበረው፤ ምክንያቱም ከሞላ ጎደል ፍርሃት ወይም ችግር ነበር።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ስለ ሥልጣንና ስለ ሕገ መንግሥት በሚወራበት ገጽ ላይ የተራራ ወሬ ምን አመጣው ትል ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ዜጎች በአንድ የጥቅምት ማለዳ ተነሥተው፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ፣ ማንንም ሳይፈሩ፣ እንዲያው ለማየት ብቻ አንድ ተራራ ወጥተው በሰላም ወደ ቤታቸው መመለስ መቻላቸው የአንድን አገር ጤንነት ከብዙ የዕድገት አኃዝ በተሻለ ይለካል ብዬ አምናለሁ። አኃዝ ይለፋል፤ ይጠቀለላል፤ እንደ ተናጋሪው ፍላጎት ይቆረጣል። ተራራ ወጥቶ የመመለስ ነገር ግን ወይ ይቻላል ወይ አይቻልም።

ምሳሌውን ከራሴ ላንሣ። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ከአንድ የሥራ ባልደረባዬና የረጅም ዘመን ወዳጄ ጋር ወደ ላስታ ተጉዘን ነበር። ወዳጄ የምጣኔ ሀብት መምህር ነው፤ የአርሲ ሰው፣ አሰላ ጭላሎ ሥር ተወልዶ ያደገ። እኔ ደግሞ ዘመዶች ያሉኝ ኩልመስክ ነው። ኩልመስክ ከወልዲያ ተነሥቶ በድልብ አድርጎ ወደ ላሊበላ የሚዘልቀው መንገድ የሚያልፍባት ትንሽ ከተማ ናት። ጎብኚው ባብዛኛው በአውሮፕላን ላሊበላ ስለሚያርፍ ወይም በጋሸና በኩል ስለሚመጣ ኩልመስክን በስሟ እንኳ የሚያውቃት ጥቂት ነው። እኛ ግን አክስቴ ቤት አደርን፤ ገና ጎሕ ሳይቀድ በጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍረን ወደ ገነተ ማርያም አቅጣጫ ሄድን፤ ከዚያ አንድ የአገሩን ልጅ መንገድ መሪ አድርገን በእግራችን የአቡነ ዮሴፍን ሰንሰለት ተያያዝነው።

አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ በአገራችን ካሉት ታላላቅ ተራሮች አንዱ ነው። ጫፉን ነክቶ በአንድ ቀን መመለስ ለአገሬው ጎረምሳ እንጂ ወንበር ላይ ለሚውል መምህር የሚሞከር አይደለም፤ ስለዚህ ጓሳው እስከሚጀምርበት ድረስ ወጥተን ከመምሸቱ በፊት ለመመለስ ነበር ሐሳባችን። ጊዜው ወርኃ ጽጌ ነው። ክረምቱ የለቀቀው ሰማይ ምንም የማይደብቅ ሆኗል፤ አደይ አበባ ከሜዳው ላይ እየከሰመ ነው፤ ገብሱ ቢጫ ለብሶ አጫጁን ይጠብቃል። በጥቅምት አንድ አጥንት የተባለው በምን ምክንያት እንደሆነ በማለዳው ብርድ እጃችንን ብብታችን ውስጥ ወሽቀን ስንሄድ በሚገባ ገባን። ከታች ባሕር ዛፍ፤ አገር በቀሉ ወይራና ጽድ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዙሪያ ብቻ፤ ከዚያ በላይ ሰው እንዴት ቆሞ እንዳረሰው የሚያስገርም ገደላ ገደል የገብስ ማሳ፤ ከማሳው በላይ አስታና ጅብራ።

ከማሳው ጫፍ ላይ አንድ አዛውንት ወንጭፍ ይዘው ገብሳቸውን ከጭላዳ ዝንጀሮ ሲጠብቁ አገኘናቸው። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ እንደ አገሩ ደንብ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዘመድ ደኅንነት ተጠያየቅን። ከዚያ በኋላ ከእግር እስከ ራሳችን አይተውን ጠየቁ።

«ምን ጠፍቷችሁ ነው ልጆቼ?»

ወዳጄ ጥያቄው ስላልገባው «ምንም አልጠፋንም አባቴ» አለ።

«በቅሎ ነው? በሬ ነው?»

«አይ፣ ተራራውን ለማየት ነው የወጣነው።»

አዛውንቱ ዞር ብለው ተራራውን ተመለከቱት፤ ሌሊቱን ያበቀለው አዲስ ነገር ካለ ለማረጋገጥ ይመስል። «ለማየት!» አሉና ዝም አሉ። እኔም ነገሩን ለማቅለል ብዬ፣ ፈረንጆች በየዓመቱ በደጃቸው እያለፉ ሲወጡ አያዩ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ፈረንጅማ ሥራው ነው» አሉ።

ከኪሳቸው የገብስ ቆሎ ዘግነው ሰጡን። ልንሰናበታቸው ስንልም እንዲህ አሉን፤ «ካያችሁ አይቀር ይኽንን ቁልቁለት እዩት። በክረምት ስንት ከብት እንደሚወስድብን ለሚመለከተው ንገሩልን።»

እነዚህን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሳመላልሳቸው ኖሬያለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ የድንቁርና ጥያቄ አይደለም፤ የምጣኔ ሀብት ጥያቄ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ የሚያስከፍለው ጉልበት በሚታወቅበት አገር ያለ ምክንያት ሽቅብ የሚወጣ ሰው የለም፤ የወጣ እንደሆነ አንድ ነገር ጠፍቶታል። ሁለተኛው ግን ለእኛ ለተማርነው የሚያሳፍር ነው። አገርን ማየት የፈረንጅ ሥራ ሆኖ ተቆጥሯል፤ ተቆጥሮም የቀረው አዛውንቱ ስለተሳሳቱ ሳይሆን በዕድሜያቸው ያዩት ይኸንኑ ስለሆነ ነው። ሦስተኛው ደግሞ የማየትን ትርጉም የሚነግረን ነው፤ ያየ ሰው ምስክር ነው፤ ምስክር ደግሞ የመናገር ግዴታ አለበት።

በመውረጃችን ላይ ወዳጄ አንድ ነገር አለኝ። «እኔ የጭላሎ ልጅ ነኝ ስል ኖርኩ፤ ጭላሎን ግን ወጥቼው አላውቅም። ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ በራችን ላይ ቆሞ፣ እኛ ስለ ሌላው ዓለም ተራራ በጂኦግራፊ መጽሐፍ እናጠና ነበር።» ስለዚህ ተቃጠርን። በመጪው ዓመት ጥቅምት፣ በ2013፣ እኔ የእርሱ እንግዳ ሆኜ ጭላሎን ልንወጣ።

የዚያ ቀጠሮ ዕጣ ፈንታ የአገራችን የቅርብ ዘመን ታሪክ ነው። ገና ያ ጥቅምት ሳያልቅ፣ በወሩ መገባደጃ፣ እኛ ባለፍንባት በወልዲያ ባለው ዩኒቨርሲቲ በተነሣ ግጭት ሁለት ተማሪዎች ተገደሉ፤ ሁከቱም ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተዛመተ። በመጋቢት የኮሮና ወረርሽኝ ገባ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ ከግድያው በኋላ በተከተለው ሁከት የአርሲ ከተሞችም የሰው ሕይወትና ንብረት ከጠፋባቸው ቦታዎች መካከል ነበሩ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በቀጠሯችን ወር፣ የሰሜኑ ጦርነት ጀመረ። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች ላሊበላን ያዙ፤ ኅዳር 22 ቀን 2014 ዓ.ም. ከተማዋ ተመለሰች፤ በታኅሣሥ መጀመሪያ እንደገና ተያዘች፤ በዚያው ወር እንደገና ተለቀቀች። ጦርነቱን የቋጨው የፕሪቶሪያ ስምምነት የተፈረመውም በጥቅምት ነው፤ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም.። እፎይ ሳይባል በዚያው ዓመት ሐምሌ በመንግሥት ሠራዊትና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል በአማራ ክልል ውጊያ ተከፈተ፤ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በዚያ ሰሞን ላሊበላ በታጣቂዎች እጅ ገብታ በረራ ተቋረጠ፤ ከቀናት በኋላ መንግሥት ከተማዋን መልሶ መያዙን አስታወቀ።

በዚህ ሁሉ መካከል የላስታ መንገደኛ የሚጠየቀው ጥያቄ ተለወጠ። «ምን ጠፍቷችሁ ነው?» የሚለው ቀርቶ «ማን ናችሁ? ከወዴት መጣችሁ? መታወቂያ አሳዩ» ሆነ። የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው የጠፋውን አብሮህ ሊፈልግ ነው። ሁለተኛውን የሚጠይቅ ግን አንተኑ ሊፈልግህ ነው። በእነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለው ርቀት ነው እኔ የፖለቲካችን ውድቀት የምለው።

በእግር የመሄድ መብት የፖለቲካ ጉዳይ መሆኑን ሌሎች አገሮች ከእኛ በፊት ተረድተውታል። ጣሊያናዊው ባለቅኔ ፔትራርክ በ1336 እ.ኤ.አ. ከወንድሙ ጋር በደቡብ ፈረንሳይ የሚገኘውን ቫንቱ የተባለ ተራራ ከፍታውን ለማየት ብቻ ብሎ እንደወጣ ጽፏል፤ የአውሮፓ ታሪክ ጸሐፊዎችም ይኽን ጉዞ የአዲስ አስተሳሰብ ምልክት አድርገው ሲያነሡት ኖረዋል። በመንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ እረኛ አግኝቷቸው፣ በወጣትነቱ ተራራውን ወጥቶ ከድካምና ከተቀደደ ልብስ በቀር ያተረፈው እንደሌለ ነግሮ ሊመልሳቸው መሞከሩንም ጽፏል። የአቡነ ዮሴፉ አዛውንት ብቻቸውን አይደሉም ማለት ነው፤ የተራራ ሰው በየትም ቦታ ጉልበቱን የሚያውቅ ሰው ነው።

ከፔትራርክ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ግን የ1932ቱ እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ታሪክ ነው። በማንቸስተር አካባቢ የነበሩ ወጣት የፋብሪካ ሠራተኞች በእሑድ ዕረፍታቸው ንጹሕ አየር የሚያገኙበት ኪንደር ስካውት የሚባል ተራራማ ስፍራ በባለመሬቶች ተይዞ፣ ለወፍ አደን ተከልሎ ነበር። በሚያዝያ ወር በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ክልከላውን ጥሰው ወጡ፤ ከጠባቂዎች ጋር ተጋጩ፤ አምስቱ ታሰሩ። ከ17 ዓመት በኋላ፣ በ1949፣ የእንግሊዝ ፓርላማ ብሔራዊ ፓርኮችን የሚያቋቁም ሕግ አወጣ፤ በ1951 የመጀመሪያው ሆኖ የተከለለውም ይኸው አካባቢ ያለበት ፒክ ዲስትሪክት ነው። ሠራተኞቹ የጠየቁት ዳቦ አልነበረም፤ ሥልጣንም አልነበረም። የጠየቁት በአገራቸው መሬት ላይ በእግራቸው መሄድን ነበር። ጥያቄው ተራ መስሎ ቢታይም መልሱ አገሪቱ የማን ናት ለሚለው ጥያቄ መልስ ነበር።

የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ አካባቢ የመዘዋወር ነፃነት እንዳለው ደንግጓል። ድንጋጌው አጭርና ግልጽ ነው። በተግባር ግን ከአሰላ ተነሥቶ ኩልመስክ፣ ከኩልመስክ ተነሥቶ አሰላ መድረስ በየኬላው በስምህ፣ በአነጋገርህ፣ በመታወቂያህ ላይ በተጻፈው የትውልድ ቦታ የሚወሰን ሆኖ ሲገኝ፣ አንቀጹ ወረቀት ላይ ቀርቷል ማለት ነው። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡ አዋቂዎች ብቻ የቀሩት ቀይ ቀበሮ በአቡነ ዮሴፍም በአርሲ ተራሮችም ይኖራል። እርሱ ቢያንስ መታወቂያ አይጠየቅም።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። ሰው በሚሞትበት፣ ገበሬው ማዳበሪያ፣ ተማሪው ትምህርት ቤት ባጣበት ዘመን ስለ ሽርሽር ማውራት የጠገበ ሰው ወሬ አይደለምን? ይኽን ተቃውሞ አቅልዬ አላየውም፤ ሁለት መልስ ግን አለኝ።

የመጀመሪያው መልስ፣ ነገሩ እንጀራ ነው የሚል ነው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትና የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው 12 ስፍራዎች መካከል ናቸው። ከዚያ ወዲህ በላስታ አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቱ፣ ጠላ ሻጯ፣ ጋቢ ሸማኔው ሁሉ ኑሯቸውን በመንገደኛ ላይ መሠረቱ። በ1996 ዓ.ም. ገደማ በጎረቤት መቄት ወረዳ የተጀመረው፣ «ተስፋ» በሚል ስም የታወቀው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ገበሬው በራሱ መሬት ላይ የእንግዳ ጎጆ ሠርቶ መንገደኛ እየተቀበለ ገቢውን እንዲካፈል ያደረገ መልካም ሥራ ነበር። ይኽ ሁሉ ግን አንድ ጉድለት ነበረበት። የታሰበው ከውጭ ለሚመጣ እንግዳ ነው። ዋጋው፣ ማስታወቂያው፣ የመንገድ ካርታው፣ የአስጎብኚው ሥልጠና ሁሉ «ማየት ሥራው» ለሆነው ሰው የተሰናዳ ነው። ስለዚህ በ2012 አየር መንገድ ሲዘጋ፣ በ2013 ጦርነት ሲመጣ፣ በ2015 እንደገና ሲታወክ፣ ኤምባሲዎች ለዜጎቻቸው የጉዞ ማስጠንቀቂያ ባወጡ ቁጥር የአንድ ከተማ መሶብ በአንድ ቀን ባዶ ሆነ።

ከፈረንጁ በኋላ ማን ቀረ? ይኽን ለማወቅ ታኅሣሥ 2014ን ማስታወስ ይበቃል። ላሊበላ ከታጣቂዎች እጅ ከወጣች ጥቂት ሳምንታት ሳይሞላ የገና በዓል ሲከበር የመጡት ተሳላሚዎች ነበሩ። አውሮፕላን አልጠበቁም፤ የጉዞ ማስጠንቀቂያ አላነበቡም። ደረቅ እንጀራቸውን ቋጥረው መጡ። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ግሸን ደብረ ከርቤን የሚወጣው፣ በጥቅምትና በመጋቢት 5 ዝቋላን የሚወጣው ሕዝብ፣ ተራራ መውጣት የቅንጦት ሰው ነገር ነው ለሚለን ሁሉ መልስ ነው። እውነት ነው፣ ተሳላሚው የሚወጣው ለስለት እንጂ ለዕይታ አይደለም። ይሁን እንጂ ያልሄደበትን አገር በእግሩ የሚያውቅ፣ ባላወቀው ቤት የሚያድር፣ ለማያውቀው ሰው ስንቁን የሚቆርስ ዜጋ ያፈራው ይኽ ባህል ነው። ይኽም ባህል ቢሆን ከአደጋው አላመለጠም፤ በየካቲት 2016 ዓ.ም. በዝቋላ ገዳም አራት አባቶች መገደላቸውን ሰምተናል።

ሁለተኛው መልሴ ከመምህርነቴ የሚመጣ ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ተማሪዎች ከአራቱም ማዕዘን ይመደባሉ፤ ሐሳቡ እርስ በርስ እንዲተዋወቁና አገራቸውን እንዲያውቁ ነው። በተግባር ተማሪው የሚያውቀው የአውቶቡስ መናኸሪያውን፣ የግቢውን አጥርና የመኝታ ክፍሉን ነው። ዓመታት ተምሮ በመስኮቱ ትይዩ የሚታየውን ተራራ ስሙን ሳያውቅ ይመረቃል። በተራራው ላይ ያለው ገበሬም ግቢው ውስጥ ስላለው ተማሪ የሚያውቀው ነገር የለም፤ የሚሰማው ሁከት ሲነሣ የተኩሱን ድምፅ ነው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላል የአገራችን ሰው። እኔም የማይናፍቁትን አገር ለማቃጠል ክብሪት አይከብድም እላለሁ። በአንድ ማሳ ጫፍ ከአንድ አዛውንት እጅ ቆሎ ተቀብሎ የበላ ተማሪ፣ በማኅበራዊ ድረ ገጽ ስለዚያ ሕዝብ የሚነዛውን ጥላቻ እንደሌላው በቀላሉ አይውጠውም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሦስት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፣ ከሁሉ የሚቀድመው የፖለቲካ ችግርን በንግግር መፍታት ነው። የፕሪቶሪያው ስምምነት ብዙ ጉድለት እንዳለበት የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ዓመት በመድፍ ያልተገኘው የተኩስ ማቆም በጠረጴዛ ዙሪያ በቀናት ውስጥ መገኘቱን አሳይቷል። ለዚያ የተቻለው ለአማራ ክልልም፣ ለኦሮሚያም የማይቻልበት ምክንያት የለም። ጫካ ያለውም ቤተ መንግሥት ያለውም፣ ተራራውን እንደ ምሽግ ብቻ ማየቱን እስኪተው ድረስ ስለ ቱሪዝም የሚነገረው ሁሉ ወሬ ነው።

ሁለተኛ፣ የመዘዋወር ነፃነት የጸጥታ አካላት የሚቸሩት ችሮታ አይደለም፤ መብት ነው። ኬላ ለወንጀለኛ ነው እንጂ ለዘር ቆጠራ አይቆምም። ሰውን ባደረገው ነገር እንጂ በተወለደበት ቦታ የሚያቆም ማናቸውም ኬላ፣ የማንም ይሁን የማን፣ ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው።

ሦስተኛ፣ አገርን ማየት የዜጋ ሥራ ይሁን። መንግሥት ባለፉት ዓመታት በወንጪ፣ በጎርጎራ፣ በኮይሻና በሌሎችም ስፍራዎች ትላልቅ የመዝናኛ ቦታዎችን ገንብቷል፤ ሥራው የሚመሰገን ጎን አለው። ነገር ግን የአንድ ሌሊት ኪራዩ ከመምህር የወር ደመወዝ ጋር የሚፎካከር ማረፊያ ዜጋን ከአገሩ አያስተዋውቅም። የሚያስተዋውቀው የእግር መንገድ ነው፤ ምልክት የተደረገበት፣ የውኃ ምንጩ የታወቀ፣ በየማሳው ጫፍ ለሚያልፈው ሰው ገበሬው ሻይና ቆሎ አቅርቦ ተገቢውን ዋጋ የሚያገኝበት። ይኽን ለመሥራት ቢሊዮን ብር አያስፈልግም። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን በዓመት አንድ ቀን፣ በጥቅምት፣ ከአጥር አውጥተው ከአካባቢው ሕዝብ ጋር በጎረቤታቸው ያለውን ተራራ ቢያስወጧቸው የሚጠይቀው አንድ አውቶቡስና ጥቂት ዳቦ ነው። ገብሱ ወደ ላይ እየገፋ ጓሳውን በልቶ ሊጨርስ በተቃረበበት በአቡነ ዮሴፍ ላይም፣ ተራራው ሳይታረስ ቢቆም የሚያበላቸው መሆኑን ገበሬዎቹ በገቢያቸው ካላዩት በቀር ቀበሮውንም ጅብራውንም የሚያድን ስብከት የለም።

ከአዛውንቱ የተቀበልነውን አደራ በተመለከተ፣ ቁልቁለቱ አሁንም በክረምት ከብት ይወስዳል ብዬ ለሚመለከተው ሁሉ እነሆ ተናግሬያለሁ። ከወዳጄ ጋርም ቀጠሯችንን አልሰረዝነውም። በየዓመቱ ጥቅምት ሲጠባ አንዳችን ለሌላችን እንደውላለን፤ «ዘንድሮስ?» እንባባላለን፤ የመንገዱን ወሬ ተለዋውጠን ወደ ከርሞ እናዛውረዋለን። እርሱም እኔም ጉልበታችን እየደከመ ነው። ዕድሜያቸው በሃያዎቹ ውስጥ ያሉት ተማሪዎቻችን ግን ጉልበት አላቸው፤ ተራራውም አለ። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱንም መፈለግ ያለብን ተራራ ላይ ሳይሆን ተራራውን ምሽግ ባደረጉት ሰዎች መካከል በሚቀመጥ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው።

ቸር ያሰንብተን።